የንጉሡ ደብዳቤና የቲቢሪሳ አማች

የክሪስቶፎር ዳ ጋማን ነገር ከትምህርት ቤት ጀምሮ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም፣ በ1541 ምጽዋ ላይ 400 ወታደር ይዞ ወርዶ በዓመቱ ከግራኝ ጋር በተደረገው ጦርነት ተማርኮ የተገደለው ነው። (ከዚህ በኋላ የምጽፈው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው፣ ሰባት ስምንት እየቀነሳችሁ እንዳትደክሙ።) እሱን የላከው ታላቅ ወንድሙ ኤስቴቫው ነበር፣ ያኔ የፖርቱጋልን ህንድ የሚገዛው እሱ ነው። ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ጋ ያቆመዋል። እኔ ደሞ ከሱ ቀጥሎ ማን ተሾመ ብዬ ሳይ በ1542 ኤስቴቫውን ተክቶ ጎዋ የገባው ማርቲም አፎንሶ ዴ ሶዛ የሚባል ሰውዬ ሆኖ አገኘሁት፣ እና ይሄ ሰውዬ ህንድ ላይ ተቀምጦ እያለ ብራዚል ውስጥ ደግሞ 100 ሌጓ የባህር ዳርቻ በስሙ የተጻፈለት ጌታ ነበር። አንድ ሌጓ 6 ኪሎሜትር ግድም ነው፣ ማባዛቱን ለናንተ። የሚገርመው መሬቷ ከተጻፈችለት በኋላ አንድ ቀን እንኳን ተመልሶ አላያትም። ያቺ ያላያት መሬት ናት ዛሬ ሳኦ ፓውሎን፣ የፔሌን ሳንቶስን፣ ሪዮ ዴ ጄኔይሮን ሳይቀር በውስጧ የያዘችው።

ነገሩ እንዴት ጀመረ ካላችሁ፣ ፖርቱጋሎች ብራዚልን የረገጡት በ1500 ቢሆንም ለ30 ዓመት ያህል ዞር ብለው አላዩዋትም ማለት ይቻላል፣ ልባቸው ህንድና ቅመማ ቅመም ላይ ነበር። ከብራዚል የሚጭኑት ቀይ የጨርቅ ማቅለሚያ የሚወጣውን እንጨት ነው፣ እሱንም ቢሆን ቆርጦ ተሸክሞ ባህር ዳር የሚያደርስላቸው አገሬው ነው፣ በምትኩ መጥረቢያ፣ ቢላዋ፣ መስታወት ምናምን ይቀበላል። ችግሩ ፈረንሳዮችም ይቺን ንግድ ለመዷትና መመላለስ ጀመሩ። ንጉሥ ጆአኦ 3ኛ በቃ አገሪቱ ልትወሰድብኝ ነው ብሎ ደነገጠና በ1530 ዲሴምበር ላይ ማርቲም አፎንሶን አምስት መርከብና 400 ያህል ሰው ሰጥቶ ሰደደው። (400 ሰው መላክ የሚወዱ ይመስላሉ መቼም።) ሰውዬው ለንጉሡ እንግዳ አይደለም፣ ንጉሡ ገና ልዑል እያለ ጀምሮ አብሮት የነበረ ሰው ነው።

ጃንዋሪ 22 ቀን 1532 ሳኦ ቪሴንቴ ደረሱና ከተማ ቆረቆሩ፣ ፖርቱጋሎች በአሜሪካ ምድር በወግ የመሰረቷት የመጀመሪያ ከተማ እሷ ናት። ከተማ ስላችሁ እንዳትሳሳቱ፣ ቤተክርስቲያን አለ፣ የምክር ቤት ቤት አለ፣ መሀል ላይ ጥፋተኛ የሚገረፍበት ምሰሶ አለ፣ በቃ። ምሰሶው ከተከለና ምክር ቤቱ ከተመረጠ ህግ ገብቷል ማለት ነው በነሱ አስተሳሰብ። ቦታው ግን ባዶ አልነበረም፣ የአገሬውን ሰው ትተን ፖርቱጋሎችም ቀድመው እዛ ነበሩ። በግዞት ተጥሎ የቀረ፣ ሰዎች «ባሸሬል» እያሉ የሚጠሩት አንድ ፖርቱጋላዊ ከነአማቾቹ እዚያ አካባቢ ይኖር ነበር፣ በ1527 ለስፔን የሚሰራ ዲዬጎ ጋርሲያ የሚባል መርከበኛ ሲያልፍ ከዚህ ሰውዬ ጋር 800 ባሪያ ወደ አውሮፓ ለመጫን ተዋውሏል። ስለዚህ የንጉሡ ከተማ ከመቆርቆሯ በፊት የወደቡ ስራ ምን እንደነበር ከዚህ መገመት ነው።

ማርቲም አፎንሶ እዚያው እያለ በ1532 ሴፕቴምበር ንጉሡ ደብዳቤ ጻፈለት፣ የባህር ዳርቻውን ቆራርጬ ለሰው ላድል አስቤያለሁ፣ ላንተ 100 ሌጓ፣ ለወንድምህ ለፔሮ ሎፔስ 50 ይዤላችኋለሁ የሚል። ሀሳቡ ግልጽ ነው፣ የመንግስት ካዝና ባዶ ነው፣ ህንድ ገንዘቡን ሁሉ ትበላለች፣ ስለዚህ ወጪውን እናንተ ቻሉ፣ ባንዲራው የኔ ይሁን ነው ነገሩ። ከ1534 ጀምሮ 15 ቁራሽ ለ12 ሰው ተደለደለ። ተቀባዮቹ ዶናታሪዮ ይባላሉ፣ መሬታቸው ካፒታኒያ። ድንበሩ ከባህር ተነስቶ ወደ ውስጥ በማስመሪያ የተሰመረ ነው፣ የሚያልቀው ደግሞ በ1494 ከስፔን ጋር በተስማሙበት የቶርዴሲላስ መስመር ላይ ነው፣ ያ መስመር መሬት ላይ የት ጋ እንደሚያልፍ ግን ሰጪውም ተቀባዩም አያውቀውም።

ደብዳቤው ምን ይሰጣል? እኛ ጉልትና ርስትን ለይተን ስለምናውቅ ለኛ ለመረዳት አይከብድም፣ ዶናታሪዮው ያገኘው በአብዛኛው ጉልት ነው። ማለት ዳኝነት አለው፣ ሹመት አለው፣ ከተማ ይቆረቁራል፣ የግብር ድርሻ ይወስዳል፣ የስኳር ወፍጮ ያለሱ ፈቃድ አይቆምም፣ ባሪያን፣ አገሬውንና ተራውን ነጻ ሰው በሞት እስከመቅጣት ድረስ ስልጣን አለው። የንጉሡ ዳኛ እንኳን ግዛቱ ገብቶ ሊመረምር አይችልም። ለራሱ በግል የሚይዘው መሬት ግን ከሁሉም ላይ 10 ሌጓ ብቻ ነው። ካፒታኒያውን መክፈል አይችልም፣ ያለ ንጉሡ ፈቃድ መሸጥ አይችልም፣ ላንድ ወራሽ ነው የሚተላለፈው፣ ወንድ ከጠፋ ለሴትም ይሄዳል። ቀለም የሚሰጠው እንጨት የንጉሡ ሞኖፖል ሆኖ ቀረ፣ ማዕድን ከተገኘ አንድ አምስተኛው ለንጉሡ። ከሁሉም አንዷ አንቀጽ ናት እኔን የያዘችኝ፣ ዶናታሪዮው በየዓመቱ 24 የአገሬው ተወላጅ ባሪያ አድርጎ ወደ ሊዝበን መላክ ይችላል ትላለች። ቁጥሩ ሳይቀር ተጽፏል፣ ልክ ስንት ኩንታል እንደሚባለው።

የቀረውን መሬት ዶናታሪዮው ለሰፋሪዎች ማደል አለበት፣ ይሄኛው ሴስማሪያ ይባላል። ሴስማሪያ አዲስ ነገር አይደለም፣ በ1375 ፖርቱጋል ውስጥ የወጣ ህግ ነው። ያኔ ከወረርሽኙ በኋላ ገበሬ ጠፍቶ፣ እህል ተወዶ፣ ማሳ ጾሙን አድሮ ነበርና ወይ እረስ ወይ ልቀቅ የሚል ህግ ወጣ፣ ባለቤቱ ካላረሰው መሬቱ ለሚያርስ ሰው ይሰጣል። ለዚያ ጊዜዋ ፖርቱጋል ምክንያት ያለው ህግ ነው። ያንኑ ህግ ግን አንስተው ሰው የሚኖርበት፣ የሚያርስበት፣ ካሳቫ የሚተክልበት አገር ላይ እንዳለ ደፉት። ጫካ እየመነጠሩ ጥቂት ዓመት አርሰው መሬቱን ለማሳረፍ ወደ ሌላ የሚዞሩት ቱፒኒኪሞች (የሳኦ ቪሴንቴ አካባቢ የአገሬው ሰዎች ናቸው) በዚህ ህግ ዓይን «ጾም ያደረ መሬት» ላይ የቆሙ ሰዎች ሆኑ። ማርቲም አፎንሶ ገና ካፒታኒያው በደብዳቤ ሳይጸድቅለት በ1532 ኦክቶበር ላይ አብሮት ለመጣው ለፔሮ ዴ ጎይስ ሴስማሪያ ሰጥቷል። ህጉ ባምስት ዓመት ውስጥ ካላለማህ ትነጠቃለህ ይላል፣ ማን ይቆጣጠራል ግን? ለማልማት አቅም አለኝ ብሎ ማሳየት የሚችለው ባሪያ ያለው ሰው ነው፣ ስለዚህ ትልቁ መሬት ለትልቁ ሰው እየሄደ ቀረ።

አሁን ዋናው ነገር ጋ ልምጣ። 12ቱም ሰዎች የያዙት ደብዳቤ ከሞላ ጎደል አንድ አይነት ነው። ውጤቱ ግን ሰማይና ምድር። ሰሜን ላይ ማራንያኦን ያገኙት፣ አንዱ ታሪክ ጸሐፊው ጆአኦ ዴ ባሮስ ነው፣ በ1535 አስር መርከብ ከ900 ሰውና ከመቶ ከሚበልጥ ፈረስ ጋር ላኩ፣ መርከቦቹ ተሰባበሩ፣ የጉዞው መሪ አይሬስ ዳ ኩንያ ሰመጠ፣ ባሮስ ዕዳውን ተሸክሞ ኖረ። ፖርቶ ሴጉሮ ላይ ቱሪንዮ የሚባለውን ዶናታሪዮ በ1546 የገዛ ሰፋሪዎቹ አስረው በመናፍቅነት ከሰው ለኢንኩዊዚሽን፣ መናፍቅ ለሚመረምረው የቤተክርስቲያን ፍርድ ቤት ላኩት፣ ከክሶቹ አንዱ በዓላት በዝተዋል፣ ሰው ስራ ይስራ እያለ ያጉረመርማል የሚል ነበር። ባይያ ላይ ፍራንሲስኮ ፔሬይራ ኮቲንዮ የህንድ ዘመቻ አርበኛ ነው፣ ቱፒናምባ ከሚባሉት የአገሬው ሰዎች ጋር ተጣልቶ ሸሸ፣ ሲመለስ መርከቡ ኢታፓሪካ ደሴት ላይ ተሰበረችና ተማርኮ ተገደለ፣ በሉትም ይባላል። ሲያራን ያገኘው ሰውዬ ጭራሽ መሬቱን ሳይሰፍርበት ቀረ።

የተሳካላቸው ሁለት ናቸው፣ ፔርናምቡኮና ሳኦ ቪሴንቴ። ብዙ ቦታ የምታነቡት ምክንያት ስኳር ነው፣ ካፒታል ነው የሚል ነው፣ ልክ አይደለም አልልም። ግን ስኳር ለመትከል መጀመሪያ ሳይገደሉ መክረም አለ። እኔ እንደሚመስለኝ ልዩነቱን ያመጣው አማችነት ነው። ፔርናምቡኮ ላይ የዶናታሪዮው የዱዋርቴ ኮኤልዮ ሚስት ወንድም ጄሮኒሞ ዴ አልቡኬርኬ ታባጃራ የሚባሉትን የአገሬው ሰዎች አለቃ ልጅ አገባ፣ ከሷም ከሌሎችም ከ20 በላይ ልጆች ወለደ፣ እና ታባጃራዎች በጦርነት ጊዜ ከጎናቸው ቆሙ። ባይያ ላይ ኮቲንዮን ይዛ በተሰበረችው በዚያችው መርከብ ካራሙሩ የሚባል ፖርቱጋላዊ ነበር፣ ከዓመታት በፊት መርከብ ሰብሮት ቀርቶ የአለቃ ልጅ ፓራጓሱን አግብቶ የሚኖር፣ እሱን ማንም አልነካውም። ደብዳቤ የያዘው ሞተ፣ ሚስት ያለችው ተረፈ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ልስጣችሁ።

ሳኦ ቪሴንቴ ላይ ደግሞ ጆአኦ ራማልዮ አለ። ይሄን ሰውዬ ነው ለማውራት የቸኮልኩት። ፖርቱጋል ውስጥ ሚስት ነበረችው፣ እንዴት እንደመጣ የሚነገረው የተለያየ ነው፣ ብቻ ማርቲም አፎንሶ ሲደርስ ራማልዮ 20 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ቱፒኒኪሞች መሀል ኖሯል። ከባህር ዳር ወደ ላይ ሲወጣ ሴራ ዶ ማር የሚባል ደን የለበሰ ገደል አለ፣ ከ700 ሜትር በላይ በአንድ ትንፋሽ የሚያስወጣ፣ ከላይ ሜዳው ፒራቲኒንጋ ይባላል፣ የዚያ ሜዳ ትልቁ አለቃ ቲቢሪሳ ነው፣ ራማልዮ የቲቢሪሳን ልጅ ባርቲራን ነው ያገባው። እንግዲህ 400 ሰው ይዞ የመጣ ሰው እዚያ ወደብ ላይ በሰላም ቤት የሰራው ቲቢሪሳ በአማቹ በኩል ስለፈቀደ ነው። ቲቢሪሳም ሞኝ አልነበረም፣ ከሰሜን በኩል ደመኞቹ ቱፒናምባዎች አሉ፣ መድፍና ብረት ያለው ዘመድ ማግኘት ይጠቅመዋል።

በ1553 የብራዚል የመጀመሪያው ጠቅላይ ገዥ ቶሜ ዴ ሶዛ ደቡቡን ጎብኝቶ ለንጉሡ ሲጽፍ ስለ ራማልዮ ያለው ነገር ያስቃል። ልጆቹን፣ የልጅ ልጆቹንና የልጅ ልጅ ልጆቹን ብዛት ለግርማዊነትዎ ለመናገር እፈራለሁ ይላል፣ ጸጉሩም ጺሙም ላይ አንድ ሽበት የለም፣ ምሳ ሳይበላ ዘጠኝ ሌጓ በእግሩ ይሄዳል። ዘጠኝ ሌጓ ማለት ከ50 ኪሎሜትር በላይ ነው፣ እስቲ አስቡት። ኢየሱሳውያኑ (የካቶሊክ ሚስዮናውያኑ) ግን አልሳቁም፣ ፖርቱጋል ያለችው ሚስቱ ሞታ ይሆን ወይስ በህይወት ትኖር ይሆን፣ ከሞተች ባርቲራን በቁርባን እናጋባው ብለው አባ ማኑኤል ዳ ኖብሬጋ ጽፈው ያጠይቁ ነበር። ሰውዬውን ይጸየፉታል፣ ግን ያለሱ አንድ እርምጃ መራመድ አይችሉም። የባርቲራ ሀሳብ ምን ነበር? ሁሉም ስለሷ ይጽፋል፣ እሷ ያለችውን የጻፈ የለም።

ታች ባህር ዳር ላይ ያለው ኑሮ ብዙም አያስቀናም። በ1534 ማርቲም አፎንሶና ሸሪኮቹ የስኳር ወፍጮ አቆሙ፣ ቆይቶ አንትወርፕ ላይ የተቀመጠ ኤራስሙስ ሼትስ የሚባል ነጋዴ ገዛው፣ ፍርስራሹ ዛሬም ሳንቶስ ውስጥ አለ፣ የሳኦ ፓውሎ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚጠብቀው። በ1540ዎቹ መጀመሪያ ባህሩ ገንፍሎ ሳኦ ቪሴንቴን በላት፣ ቤተክርስቲያኗም የምክር ቤቱ ቤትም ሄዱ። ከሁሉም የምክር ቤቱ መዝገብ ነው ደስ የሚለው፣ የመገረፊያውን ምሰሶ ከባህር ላወጣው ሰው ይህን ያህል ተከፈለ ተብሎ ተጽፏል። ከተማው ሰምጦ መጀመሪያ የሚፈልጉት ያቺን ምሰሶ ነው! ብራስ ኩባስ የሚባለው ሰው ደግሞ በዚያው ሰሞን ሳኦ ቪሴንቴ ካለችበት ደሴት በሌላኛው በኩል የተሻለ መርከብ መቆሚያ አይቶ ሰው አሰፈረ፣ በ1543 የበጎ አድራጎት ሆስፒታል አቋቋመ፣ ያቺ መንደር ሳንቶስ ሆነች፣ ትንሽ ቆይታም እናቷን ሳኦ ቪሴንቴን ጥላት ሄደች። ስኳሩ ግን ፔርናምቡኮን ሊቋቋም አልቻለም፣ ከአውሮፓ ይርቃል፣ ከተራራው ስር ያለው ሜዳም ጠባብና ረግረጋማ ነው።

ጌታው የት ነው? ጌታው በ1533 ወጥቶ በ1534 ወደ ህንድ ሄዷል። ካፒታኒያውን በውክልና ያስተዳደረችው ሚስቱ ዶና አና ፒሜንቴል ናት፣ ሊዝበን ተቀምጣ፣ አንድም ቀን ብራዚልን ሳታይ። ግን ከባሏ የተሻለ የገባት ይመስለኛል። ማርቲም አፎንሶ ነጭ ሰፋሪ ያለ ፈቃድ ተራራውን ወጥቶ ፒራቲኒንጋ እንዳይገባ ከልክሎ ነበር፣ ሰዉ ሁሉ ወደ ላይ ከወጣ ባህር ዳሩ ባዶ ይቀራል፣ ከአገሬውም ጋር ይጣላል ብሎ። እሷ በ1544 ክልከላውን አነሳችው። ከዚያ በኋላ ነው ሰዉ ወደ ላይ መጉረፍ የጀመረው፣ እና የዚህ ሁሉ አገር ታሪክ ከባህር ወደ ተራራ የዞረው በዚህች ፊርማ ነው ብል ብዙ ያጋነንኩ አይመስለኝም።

በ1553 ራማልዮ የሰበሰባቸው ሰዎች የሚኖሩበት ሳንቶ አንድሬ በወግ ከተማ ተባለ። በዓመቱ፣ ጃንዋሪ 25 ቀን 1554 ኢየሱሳውያኑ በቲቢሪሳ ፈቃድ ትንሽ ራቅ ብለው ጭቃ ቤት ሰርተው ቀደሱ፣ ከነሱ መሀል ጆሴ ዴ አንቺዬታ የሚባል ገና 20 ዓመት ያልሞላው ወጣት ነበረበት፣ ያቺ ጎጆ ናት ሳኦ ፓውሎ። ቲቢሪሳ ሲጠመቅ የወጣለት ስም ማርቲም አፎንሶ ነው፣ በዶናታሪዮው ስም ማለት ነው። በደብዳቤ መሬቱ የተሰጠው ማርቲም አፎንሶ አንድም ቀን ተመልሶ አልመጣ፣ መሬቱ የነበረው ሰው ማርቲም አፎንሶ ተብሎ ቀረ። በ1560 ሶስተኛው ጠቅላይ ገዥ ሜም ዴ ሳ የሳንቶ አንድሬን ሰዎች ከነከተማነቷ ወደ ሳኦ ፓውሎ አዛወራቸው። በ1562 ጁላይ ላይ በዙሪያው ያሉ ቱፒኒኪሞችና ሌሎችም ተባብረው ሳኦ ፓውሎን ከበቡ፣ በቃችሁ ነው ነገሩ፣ የሚወሰደው ባሪያ በዛ፣ መሬቱ ሄደ፣ በሽታው ገደለ። ቲቢሪሳ ከፖርቱጋሎቹ ጎን ቆሞ የገዛ ወገኖቹን ተዋጋ፣ ከአጥቂዎቹ መሀል የወንድሙ ልጅ ነበረ፣ እዚያው ሞተ። ከተማዋ ተረፈች። ቲቢሪሳ ራሱ በዚያው ዓመት የገና ቀን በበሽታ ሞተ፣ አጽሙ ዛሬ በሳኦ ፓውሎ ካቴድራል ምድር ቤት ውስጥ ነው። ጀግና ነው ወይስ ከሃዲ የሚለውን ክርክር ብዙ ቦታ አይቻለሁ፣ እኔ ሁለቱም አይመቸኝም፣ ሰውዬው በ1532 ያደረገው ስሌት በ1562 ምን እንደሚያመጣ ከየት አባቱ ያውቃል? ራማልዮ ደግሞ በ1564 ለምክር ቤት ተመርጠሃል ሲሉት ከ70 ዓመት በላይ ሆኖኛል ተዉኝ አለ።

ደብዳቤው ብቻውን ምን እንደሚሆን ማየት ለሚፈልግ ደግሞ ሪዮ አለች። የማርቲም አፎንሶ መሬት ሁለት ቁራሽ ነበር፣ መሀሉ ላይ የወንድሙ ሳንቶ አማሮ ይገባል፣ ሰሜናዊው ቁራሽ የጓናባራን ባህረ ሰላጤ የያዘው ነው። እዚያ ማንም አልሰፈረም፣ ያገባም የለም፣ የተዛመደም የለም። እዚያ ያሉት ቱፒናምባዎች የተዛመዱት ከፈረንሳዮች ጋር ነው። በ1555 ቪልጋኞን የሚባል የፈረንሳይ ሹም መጥቶ ምሽግ ሰራና ቁጭ አለ፣ በወረቀት የማርቲም አፎንሶ በሆነ መሬት ላይ። ፖርቱጋሎቹ እነሱን ለማስወጣት እስከ 1567 ፈጀባቸው፣ ሪዮ ዴ ጄኔይሮንም በ1565 የቆረቆረው የሜም ዴ ሳ ዘመድ ኤስታሲዮ ዴ ሳ ነው፣ በጦርነቱም ሞተባት። ከዚያ በኋላ ሪዮ የንጉሡ ሆነች፣ ባለደብዳቤውን ማንም አልጠየቀውም።

አማችነት ስል ግን የፍቅር ታሪክ አድርጋችሁ እንዳትወስዱብኝ። ባርቲራና ራማልዮ የወለዷቸው ልጆች፣ የልጅ ልጆች የሳኦ ፓውሎ ሰው ሆኑ፣ እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ብዙዎቹ ቤታቸው ውስጥ የሚያወሩት የእናቶቻቸውን ቋንቋ ቱፒን ነበር፣ በ1697 የፔርናምቡኮ ጳጳስ ዶሚንጎስ ጆርጅ ቬልዮ የሚባለውን የሳኦ ፓውሎ ዘማች ሲያገኘው አስተርጓሚ ይዞ ነው የመጣው ብሎ ተገርሞ ጽፏል። ግን እነዚሁ ሰዎች ናቸው ጫካ ለጫካ እየዞሩ ባሪያ የፈነገሉት። በ1628 ራፖሶ ታቫሬስ የመራው ዘመቻ ጓይራ ያሉትን የኢየሱሳውያን የጓራኒ መንደሮች ማጥፋት ጀመረ፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተነድቶ መጣ። ስኳር ያላደገበት አገር ስንዴና ሸክም በሰው ጀርባ ነው የተሰራው። መንገዱን፣ ምግቡን፣ ጫካ ውስጥ ማደሩን የተማሩት ከእናቶቻቸው ወገን ነው፣ ያንኑ ይዘው የእናቶቻቸውን ወገን አደኑበት።

ወራሾቹን በአጭሩ ልለፋቸው፣ ምክንያቱም ያሰለቻሉ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የማርቲም አፎንሶ የልጅ ልጅ የቪሚዬይሮ ካውንቴስና በወንድሙ በፔሮ ሎፔስ በኩል የመጣው የሞንሳንቶ ካውንት ድንበር ተካሰሱ፣ ድሮ በማስመሪያ የተሰመረችው መስመር መሬት ላይ የት ጋ ናት በሚል። በ1624 ካውንቴሷ ሳኦ ቪሴንቴን፣ ሳንቶስን፣ ሳኦ ፓውሎን አጣችና ኢታንያኤምን ዋና ከተማ አድርጋ ቀጠለች። ሁለቱም ሊዝበን ናቸው፣ ሁለቱም መሬቱን አያውቁትም። ከዚያ በ1690ዎቹ የሳኦ ፓውሎ ሰዎች ሚናስ ውስጥ ወርቅ አገኙ፣ ያኔ ንጉሡም ነቃ፣ አንድ ሀብታም የሳኦ ፓውሎ ሰው ካፒታኒያውን ከወራሹ በ40,000 ክሩዛዶ ሊገዛ ሲል ዘውዱ ቀደመውና በዚያው ዋጋ ወሰደው፣ በ1709 የሳኦ ፓውሎና የሚናስ ወርቅ ካፒታኒያ ተብሎ የመንግስት ሆነ።

ሴስማሪያው ግን ከካፒታኒያው የበለጠ ዕድሜ ነበረው። የተሻረው በ1822 ጁላይ ነው፣ ብራዚል ነጻነቷን ከማወጇ ሁለት ወር ሳይሞላ በፊት። ከዚያ 28 ዓመት ያህል የመሬት ህግ የሚባል ነገር አልነበረም፣ ጉልበት ያለው ያጠረውን ያዘ። በ1850 ሴፕቴምበር ላይ ሁለት ህግ በሁለት ሳምንት ልዩነት ወጣ፣ አንዱ ከአፍሪካ ባሪያ ማስገባትን የሚያግድ፣ ሁለተኛው የመንግስት መሬት ከእንግዲህ በግዢ ብቻ ነው የሚገኘው የሚል። ነገ ነጻ የሚወጣው ሰው መሬት ላይ እንዳይደርስ ነው ብለው የሚከራከሩ ታሪክ ጸሐፊዎች አሉ፣ ቀኖቹን ጎን ለጎን ሳያቸው እኔም ከነሱ ጋር ነኝ። የድሮ ሴስማሪያ ያለው ግን ወረቀቱን አሳይቶ ያጸድቃል።

እዚያው የማርቲም አፎንሶ ግዛት በነበረው አገር፣ ሳኦ ፓውሎ ዳር ላይ ጃራጓ የሚባል ተራራ አለ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወርቅ የተቆፈረበት። ስሩ ላይ ጓራኒዎች ይኖራሉ፣ የቲቢሪሳ ዘሮች ናቸው እያልኩ አይደለም፣ ሌላ ህዝብ ናቸው። በ1987 መንግስት የነሱ ነው ብሎ ያጸደቀላቸው መሬት 1.7 ሄክታር ነበር፣ በብራዚል ካሉት የተወላጆች መሬቶች ሁሉ ትንሹ ይባል የነበረው እሱ ነው። በ2015 ወደ 532 ሄክታር ከፍ እንዲል ሚኒስቴሩ ወሰነ፣ በ2017 ያው ሚኒስቴር ውሳኔውን ሰረዘው፣ እነሱም ተራራው ላይ ያሉትን የቴሌቪዥን አንቴናዎች ይዘው ስርጭቱን አቋረጡት።